ኮንሰርቱ መቼ ተካሄደ? በውቤ በረሃና በአካባቢው የተደረገ የሬዲዮ ጥናት

አዲስ አበባ ሮክ ብቻ የሚያጫውት የሬዲዮ ጣቢያ የላትም። በቢል ላዝዌል ፕሮዲውሰርነት «ኤርታሌ» የተሰኘውን አልበም ያወጣው ጃኖ ባንድ ግን የዚችው ከተማ ልጅ ነውና ሮክን ከርዕሱ መተው አልተቻለም። ስለዚህ ጥናቱ ድምፅ ማጉያ የሚያስፈልገውን ሙዚቃ ሁሉ አካቷል።

መረጃው የተሰበሰበው ከአራዳ ጊዮርጊስ ዙሪያ በሚነሱ ታክሲዎችና በውቤ በረሃ ፀጉር ቤቶች ነው። ታክሲ ጥሩ ቤተ ሙከራ ነው፤ አድማጩ ጣቢያ መቀየር አይችልም፣ ሂሳብ ከፍሏልና መውረድም አይፈልግም። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳና የዶሮ ማነቂያ ሰፊ ክፍል ስለፈረሰ ከናሙናው ከፊሉ ወደ ኮንዶሚኒየም ተዛውሯል። ሬዲዮውን ይዞ ስለሄደ ግኝቱ አልተለወጠም።

ግኝቱም ይህ ነው፦ በኤፍ ኤም ሬዲዮ ኮንሰርት የሚካሄደው ከኮንሰርቱ በፊት ነው።

ሦስት ሳምንት ሲቀረው «ታላቅ የሙዚቃ ድግስ» ይባላል፤ ሁለት ሲቀረው «እጅግ ታላቅ»፤ ዋዜማው ላይ «በዓይነቱ ልዩ» ይሆናል። መካከለኛ ኮንሰርት እስካሁን አልተመዘገበም። ድምፃዊው ስቱዲዮ ይገባል፤ ዝግጅቱ እንዴት ነው ሲባል «ሕዝቡን የሚመጥን ነገር ይዘን ነው የምንመጣው» ይላል። ሕዝቡም በሁለት ሰው ወንበር ሦስት ሆኖ ተጣቦ መመጠኑን ያዳምጣል።

ምክንያቱ ምሥጢር አይደለም። ከመዝናኛ ዝግጅቶቹ ብዙዎቹ የአየር ሰዓት ገዝተው የሚሠሩ ተባባሪ አዘጋጆች ናቸው የሚያቀርቧቸው። አዘጋጁ ለጣቢያው ይከፍላል፤ የከፈለውን ከስፖንሰር ይፈልጋል፤ ስፖንሰሩ አንዳንዴ ያው የኮንሰርቱ ፕሮሞተር ሆኖ ይገኛል። ፕሮሞተር ደግሞ የሚከፍለው ለመጪው ቅዳሜ ነው። ላለፈው ቅዳሜ የሚከፍል ፕሮሞተር ቢገኝ ለሕክምና ጥናት እንጂ ለዚህኛው አይሆንም።

ቀድሞ የቢራ ፋብሪካዎች ሸክሙን ያግዙ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል መጠጥ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተዋወቅ ከከለከለ ወዲህ፣ ከማስታወቂያው ብንነሳ የከተማው ድግስ ሁሉ በለስላሳ የሚያልፍ ነው። በሩ ላይ ሲደርሱ የሚታየው ከዚህ ጥናት ወሰን ውጭ ነው።

የዘገባው ቁንጮ የትኬት ሽልማቱ ነው። ጥያቄው አይከብድም፤ «ቅዳሜ በጊዮን ሆቴል የሚቀርበው ኮንሰርት የት ነው የሚቀርበው?» ዓይነት ነው። ደዋዩ ያስባል። ምርጫ ይሰጠኝ ያለም ተገኝቷል። በዚህ መሃል «ሬዲዮውን ቀነስ ያድርጉልኝ» ይባላል፤ ያልቀነሰ ሰው የገዛ ድምፁን ዘግይቶ ሲሰማ ሌላ የቀደመው ይመስለውና ስልኩን ይዘጋል። ያሸነፈው ሰላምታ ያቀርባል፦ ለእናቱ፣ ለአባቱ፣ ለአራዳ ልጆች በሙሉ፣ ለሚያውቁትም ለማያውቁትም። ትኬቱ ለአንድ ሰው ነው፤ ሰላምታው ለአንድ ወረዳ። ብዙዎቹ አሸናፊዎች ከሽልማቱ ይልቅ ስማቸው መጠራቱ እንዳስደሰታቸው ፀጉር ቤት ውስጥ ይነገራል። አጥኚው ይህን በጥርጣሬ ያየዋል።

ከዚያ ቅዳሜ ይመጣል፣ ያልፋልም። ሰኞ ጠዋት ጣቢያው እንግሊዝ አገር ስለተሳተች ፍጹም ቅጣት ምት በዝርዝር ይተነትናል፤ በየትኛው እግር እንደተመታች፣ ነፋሱ ወዴት እንደነበረ ሳይቀር። ከፒያሳ ቁልቁል ጊዮን ሆቴል ላይ ማን ስንት ሰዓት ዘግይቶ መድረክ እንደወጣ ግን «በደማቅ ሁኔታ ተካሂዷል» በምትል ዓረፍተ ነገር ይጠቃለላል። ዓረፍተ ነገሯ ቅዳሜ ጠዋት የተጻፈች ብትሆንም ስሕተት አይገኝባትም። ያልተካሄደ ኮንሰርት ቢሆን «ለሌላ ጊዜ ተላልፏል» ይባላል። ያ ሌላ ጊዜ ሲመጣ በጥናቱ አልታየም።

የማግስት ዘገባ ከናካቴው የማይቻል አይደለም። ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች የመጀመሪያው የሮክ ኮንሰርት የሚሉት መጋቢት 12 ቀን 1944 ዓ.ም. አሜሪካ ክሊቭላንድ ላይ የተዘጋጀውን ነው። ያስተዋወቀው የሬዲዮ ሰው አለን ፍሪድ ነበር። አዳራሹ ከሚችለው በላይ ሕዝብ በር ሰብሮ ስለገባ ድግሱ ገና ሲጀመር ተቋረጠ። ፍሪድ በማግስቱ ማይክሮፎኑ ፊት ቀርቦ የሆነውን ተናገረ፤ ይቅርታም ጠየቀ። ልማዱ ውቅያኖስ አልተሻገረም።

ወይም በሌላ መንገድ መጥቷል። በደጃዝማች ውቤ አጥናፍ ሰገድ ስም የሚጠራው ውቤ በረሃ፣ የአሰገደች አላምረው «ፓትሪስ ሉሙምባ»ን የመሰሉ የመሸታ ቤቶች በደመቁበት ዘመን፣ ዘጋቢው ደንበኛው ራሱ ነበር። ደራሲው ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር «ሌቱም አይነጋልኝ» የተሰኘውን ልቦለድ የጻፈው በዚሁ ሙያ ነው። የእሱም ዘገባ ሙሉ ሆኖ ለአንባቢ እስኪደርስ ዓመታት ፈጅቶበታል፤ ስለዚህ ጣቢያዎቹን በመዘግየት ብቻ መክሰስ ደግ አይደለም።

ዛሬም የተሟላው ዘገባ ሰኞ ጠዋት ማኪያቶ ቤት በረንዳ ላይ ይገኛል። አቅራቢው አንድ የአራዳ ልጅ ነው፤ ማይኩ ስንቴ እንደጠፋ፣ ቪአይፒ የገዙት የት እንደቆሙ፣ የባንዱ ልጆች ሂሳብ ተቀብለው ይሁን ሳይቀበሉ ሁሉን ያውቃል። ገብተህ ነበር ወይ ብለው ቢጠይቁት ግን አልገባም፤ አጥር ተደግፎ ነው የሰማው። እንደ ጣቢያዎቹ ስፖንሰር አይፈልግም፤ ማኪያቶውን ከከፈሉለት ይበቃዋል፤ ኬክ ከጨመሩለት ደግሞ የመጪውንም ቅዳሜ ይተነትናል።