ጽጌረዳዋን የበላት ማን ነው?

ዶሮ ማነቂያ ሰፈር በነበረው ቤታችን ደጃፍ፣ ሁለት ክንድ በማትሞላ መሬት ላይ አንዲት ቀይ ጽጌረዳ ነበረችን። እናቴ የአትክልት እጣቢ እያጠጣች፣ የቡና አተላ ከሥሯ እያፈሰሰች ዕድሜ ልኳን አኑራታለች። በ2016 ዓ.ም. ሰፈሩ ሲፈርስ፣ ዕቃችንን የጫነው አይሱዙ ሞተሩን አስነስቶ እየጠበቀን፣ እሷ ቢላዋ ይዛ ወደ ጽጌረዳዋ ተመለሰች። የእርሳስ ውፍረት ያላቸውን ስምንት ቅርንጫፎች መርጣ ቆረጠች፤ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላም እጄ ላይ አኖረችልኝ።

«አንተ መሬት አለህ። እኔ እንግዲህ ፎቅ ነው የምገባው» አለችኝ።

ያለኝ መሬት ሰበታ ያለችው ግቢዬ ናት። ሰበታ የአበባ አገር ናት። እዚያ አካባቢ በላስቲክ ቤት ውስጥ የሚለማው ጽጌረዳ አውሮፕላን ተሳፍሮ አውሮፓ ይገባል። እኔ ግን አንዲት ብቻ ነበር የምፈልገው፤ የእናቴን።

አሸዋ፣ ቀይ አፈርና ብስባሽ ቀላቅዬ ስምንቱን በትናንሽ ላስቲኮች ተከልኳቸው። ስድስቱ ከታች ጀምረው ጠቆሩ። ሰባተኛዋ ቅጠል አውጥታ ሳምንት ሳትቆይ አራገፈችው። ስምንተኛዋ ጸደቀች። ላስቲኩን ስቀደው ነጭ ሥሮቿ ዳር ዳሩን እንደ ክር ተጠምዝዘው ሳያቸው የተሰማኝን ደስታ ለማንም ማስረዳት አልችልም። ነሐሴ መጨረሻ ላይ አጥሩ ሥር ጥሩ ጉድጓድ ቆፍሬ፣ ፍግ ጨምሬ መሬት አወረድኳት።

ጥቅምት ላይ አንዲት እንቡጥ ያዘች። ጊዜውም ጊዜዋ ነበር። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያሉት 40 ቀናት ዘመነ ጽጌ ናቸው፤ ጽጌ በግዕዝ አበባ ማለት ነው፤ በየቤተ ክርስቲያኑ ሌሊቱን እመቤታችን በአበባ እየተመሰለች የሚዘመርበት ወቅት ነው። እናቴ ማኅሌት አድራ ስትመለስ በጠዋት ትደውልልኛለች።

«ፈነዳች?»

«ትንሽ ቀይ አሳይታለች እማዬ። ነገ ከነገ ወዲያ ነው።»

ነገ ከነገ ወዲያ ሲደርስ እንቡጧ አንገቷን ደፋች።

ጠዋት ጠዋት አንድ ጆግ ውሃ እንዲያጠጣት አደራ ያልኩት ሰርቪስ ቤቱን የተከራዩትን ሰዎች ልጅ ነበር። አምስተኛ ክፍል ነው። ጠራሁት።

«አጠጥቻታለሁ ጋሼ» አለ።

አላመንኩትም። የአንድ ጆግ ውሃ አደራ መወጣት ያቃተው ልጅ፣ ውሸት የለመደ ልጅ እያልኩ እናቱ እየሰማች ጮህኩበት። የጆጉን እጀታ ይዞ ዝም ብሎ ቆመ። አልመለሰልኝም፤ አላለቀሰም። ጆጉን ቧንቧው ሥር በቀስታ አስቀምጦ ወደ ቤቱ ገባ። ያቺ ዝምታ ዛሬም ታስጨንቀኛለች።

ከዚያ በኋላ ራሴ ማጠጣት ጀመርኩ፤ ጠዋትም ማታም። ባሰባት። ውሃ በዝቶባት ሥሯ በሰበሰ ብዬ ደግሞ አቆምኩ። ቅጠሎቿን እየገለበጥኩ ተባይ ፈለግሁ፤ ምንም የለም። ቅጠሉ ደግሞ ቢጫ ሳይሆን አረንጓዴ እንደሆነ ነበር የሚጠወልገው፤ ተቆርጦ ያለ ውሃ የዋለ አበባ ይመስላል። ይሄ አንድ ነገር ሊነግረኝ ይገባ ነበር።

በአራተኛው ቀን ላቃናት ብዬ ግንዷን ያዝ ሳደርግ ሊወልቅ እንደደረሰ ጥርስ ተነቃነቀች። ሳብ አደረግኳት። ያለ ምንም ትግል እጄ ላይ መጣች። ሥር የላትም። ከአፈር በታች የነበረው ግንዷ በመሮ እንደተጠረበ እንጨት ሰያፍ ተቆርጧል፤ ቁርጡ ላይ ጎን ለጎን የተሰመሩ ቀጫጭን የጥርስ ፋናዎች ይታያሉ። የወጣችበት ቀዳዳ ውስጥ እጄን ሳስገባ ታቹ ባዶ ነው። ክንዴን የሚያስገባ ቀዝቃዛ መንገድ ወደ አጥሩ ይሄዳል።

ጎረቤታችን የሆኑ አንድ አዛውንት ጠርቼ አሳየኋቸው። ግንዷን ተቀብለው አንድ ጊዜ አዩና መለሱልኝ።

«ፍልፈል ነው ልጄ። ያንን አላየህም?» አሉኝ ወደ አጥሩ እየጠቆሙ።

አይቻለሁ። ወር ሙሉ አይቻለሁ። አጥር አጥሩን ተከትሎ የተቆለለ ትኩስ ለስላሳ አፈር ነበር፤ ልጆች ሲጫወቱ የቆለሉት መስሎኝ ነበር።

ፍልፈል ከመሬት በታች ብቻውን ይኖራል። የሚቆፍረው በፊት ጥርሶቹ ነው፤ አፈሩን ወደ ላይ ይገፋል፤ የሚበላውም ያገኘውን ሥር ነው። እንሰት የሚተክል ገበሬ ደመኛው አድርጎ ያየዋል። ባሌ ተራራ ላይ የሚኖረው ትልቁ ዘመዱ ደግሞ የቀይ ቀበሮ ዋና ምግብ ነው፤ ያ ቀበሮ በመላው አገራችን የቀረው 500 ገደማ ብቻ ነው። ይህንን ሳውቅ ጥላቻዬ ትንሽ በረደ፤ ሐዘኔ ግን አልበረደም።

አዛውንቱ መንገዱን በዶማ ከፍተው ወጥመድ አጠመዱለት። «ብርሃንና ነፋስ አይወድም፤ ሊደፍነው ይመጣል» አሉ። ሌሊቱን መጣ። ወጥመዱ ተፈትቷል፤ ቀዳዳው ግን በአፈር ጥቅጥቅ ተደርጎ ተደፍኖ አገኘነው።

የዚያን ዕለት ማታ የልጁን ቤት አንኳኳሁ። ግንዷን ይዤ ነበር። የጥርሱን ፋና አሳየሁትና «ያጠጣሃት አንተ ነህ፣ የበላት ይሄ ነው፤ ይቅርታ አድርግልኝ» አልኩት። ግንዷን ተቀብሎ ቁርጡን በአውራ ጣቱ ዳበሰው። «እኔ እኮ አንድ ቀን እንኳ አላሳለፍኩም» አለ። ድምፁ ያኔ ነው የተሰበረው። እናቱ ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች።

ለእናቴ ግን መናገር አቃተኝ። «ደህና ናት» እያልኩ ሁለት ሳምንት ቆየሁ። ኅዳር ላይ ጽጌዋን ላያት ብላ ራሷ መጣች። ይዣት አጥሩ ሥር ሄድኩና ባዶውን ጉድጓድ አሳየኋት። ጎንበስ ብላ ከዳሩ ጥቂት አፈር ዘገነች፤ አሸት አሸት አደረገችና መልሳ በተነችው።

«ልጁን ተቆጣኸው እንዴ?» አለችኝ። ከልጁ ጋር በስልክ ይነጋገሩ እንደነበር ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው፤ ስለ እንቡጧ እሱም ይነግራት ነበር።

«ይቅርታ ጠይቄዋለሁ።»

ሻይ ስንጠጣ ዝም ብላ ቆየችና ያችን ጽጌረዳ ጎረቤታችን ከነበሩት ሴትዮ አጥር ላይ ቆርጣ እንደተከለቻት ነገረችኝ። ይህን ያህል ዘመን ስኖር ሰምቼው አላውቅም። ሴትዮዋም ሰፈሩ ሲፈርስ ወደ ኮንዶሚኒየም ሄደዋል። «እሷ አበባ ሳትይዝ ከቤት አትወጣም። በቆርቆሮም ቢሆን ይዛ ሄዳለች» አለች።

ከቦርሳዋ ጠርዙ የተበላ የስልክ ማስታወሻ ደብተር አወጣች። መነጽሯን ረስታ መጥታለች። ልጁን ጠራችው፤ አጠገቧ ተቀምጦ ገጾቹን ይገልጥላት፣ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ጮክ ብሎ ያነብላት ጀመር።