ጉዳዩ፦ የአባትን ስም ይመለከታል

ቁጥር፦ ዱ/ቡ/001
ቀን፦ በየትኛው አቆጣጠር እንደሚጻፍ እስኪወሰን ክፍት የተተወ

ለአሜሪካ ሥነ ልቦና ማኅበር
የአጻጻፍ መመሪያ ክፍል
ዋሽንግተን ዲሲ

ማመልከቻው የተነሳው ከዱመርሶ ነው። ዱመርሶ በጌዴኦ ዞን፣ በይርጋጨፌ ወረዳ ያለች የቡና አገር ናት። ከማኅበሩ ሠራተኞች መካከል ቡና የሚያጣጥም ካለ ስሟን ከረጢት ላይ አይቶት ይሆናል። እዚያ ላይ ሙሉ ስሟ ነው የሚጻፈው፤ «ዱ.» ብሎ አሳጥሮ የሸጣት ቡና ቆዪ እስካሁን አልተሰማም። ቡናዋን በሙሉ ስሟ የሚጠራ አገር ልጇን ለምን በአባቱ ስም እንደሚጠራው ነው የአመልካች ጥያቄ።

የማኅበሩ ውለታ አይካድም። እ.ኤ.አ. በ1929 አንድ መጽሔት ላይ በሰባት ገጽ የጀመረው የአጻጻፍ ደንብ ዛሬ በሰባተኛው እትም ከ400 ገጽ በላይ ሆኗል። ኅዳጉ 2.54 ሴንቲ ሜትር፣ በመስመሮች መካከል እጥፍ ክፍተት፣ የማጣቀሻው ሁለተኛ መስመር 1.27 ሴንቲ ሜትር ገባ ይበል፤ ሁሉም ተነግሯል። የሰው ሐሳብ ሲወሰድ ባለቤቱን መጥራት እንደሚገባም ዱመርሶ ትስማማለች። ጠቡ ባለቤቱ ማን ነው በሚለው ላይ ነው።

የመመረቂያ ጽሑፍ ማስገቢያ ዋዜማ በዞኑ ከተማ ዲላ ውስጥ አንዱ ፕሪንት ቤት ጎራ ያለ ሰው ጠቡን በዓይኑ ያያል። ተማሪው ፍላሹን ሰክቶ ከጸሐፊዋ ጎን ቆሟል። አድቫይዘሩ በቀይ «ሪፈረንስህ ይስተካከል» ብለውታል። ልጅቷ እጇ ፈጣን ነው፤ «ባሕሩ ዘውዴ» የሚለውን ቆርጣ «ዘውዴ፣ ባ.» አደረገችው።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ላስት ኔም ይቀድማል» አለች፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳታነሳ።

«ላስት ኔም አይደለም እኮ፤ አባቱ ናቸው።»

«እንግዲያው አባቱ ይቅደሙ።»

ቀደሙ። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው የዘመናዊ ኢትዮጵያ ታሪክ መጽሐፍ በአባት ስም ተመዘገበ፣ ልጅዬው አንድ ፊደልና አንድ ነጥብ ደረሰው። ዝርዝሩን የሚያነብ ባዕድ የቀድሞዋን ፕሬዚዳንት ሳህለወርቅ ዘውዴንና ታሪክ ጸሐፊውን እህትና ወንድም ቢያደርጋቸው አይፈረድበትም። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የጻፉት ሐዲስ ዓለማየሁም «ዓለማየሁ፣ ሐ.» ናቸው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል የሚባለው ተረት በዚህ ዘዴ የሠራው ለሐዲስ አባት ነው።

ይህስ ቢያንስ ሰው ለሰው ነው። ድርብ ስም ሲመጣ ኮምፒውተሩ የመጨረሻውን ክፍት ቦታ አይቶ ይቆርጣል። የመስፍን ወልደ ማርያም የ1984 (እ.ኤ.አ.) መጽሐፍ፣ የገጠሩን ሕዝብ ለረሃብ ተጋላጭነት ያጠናው፣ በብዙ ማጣቀሻ ውስጥ «ማርያም፣ መ. ወ.» ተብሎ ይገኛል። በጸጋዬ ገብረ መድኅን ላይ ያው መቀስ ሲያርፍ ተውኔት ደራሲው መድኅን ይሆናል። አመልካች በሃይማኖት ጉዳይ ጣልቃ አይገባም፤ ነገር ግን ለሰማይ ቤት ደራሲነት ሲሰጥ ፈቃድ ሊጠየቅ ይገባ ነበር።

ነገሩ ወደ ጌዴኦ ሲጠጋ ይብሳል። ስለ ጌዴኦ የመሬት አያያዝ፣ ስለ እንሰቱ፣ ስለ ቡናውና ስለ ጥላ ዛፉ የሚጽፍ ሁሉ ታደሰ ኪፔ ካንሺ እ.ኤ.አ. በ2002 ለዋኽኒንገን ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡትን የዶክትሬት ጥናት መጥቀሱ አይቀርም። ርእሱ «የአምስት ሺህ ዓመት ዘላቂነት?» ይላል፣ ከነጥያቄ ምልክቱ። ይህ አንድ ጥናት አንዱ ጽሑፍ ላይ «ኪፔ፣ ታ.»፣ ሌላው ላይ «ካንሺ፣ ታ. ኪ.»፣ ሌላው ላይ ደግሞ «ታደሰ፣ ኪ.» ነው። አባት፣ አያትና ልጅ አንድ መመረቂያ ጽሑፍ ተካፍለው ጻፉ ማለት ነው። ጥናቱ ስንት ጊዜ ተጠቀሰ ብሎ የሚቆጥር ማሽን ሦስት ቦታ ይበትነዋል፤ የተጠቃሹ ድካም ግን አንድ ነበር።

የዓመቱስ ነገር? በአማርኛ ስለ ኮሮና የተጻፈ ጽሑፍ ሽፋኑ ላይ 2012 ይላል፤ በሽታው አገራችን የገባው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነውና። ይህ ቁጥር እንዳለ ቅንፍ ውስጥ ሲገባ ደራሲው ወረርሽኙን በስምንት ዓመት ቀድሞ የተነበየ ነቢይ ይሆናል።

አሁን ወደ ዋናው አቤቱታ። የፕሪንት ቤቱ ተማሪ የዱመርሶ ልጅ ነው እንበል። ስለ ቡና ማሳ ሲጽፍ አያቱን አናግሯል፤ የትኛው ዛፍ ለቡና ጥላ እንደሚስማማ፣ ሶንጎ በሚባለው ሸንጎ ላይ ሽማግሌዎች የመሬት ክርክር እንዴት እንደሚፈቱ የነገሩት እሳቸው ናቸው። በመመሪያው መሠረት በቃል የተነገረ ነገር «የግል ንግግር» ስለሚባል ጽሑፉ ውስጥ ብቻ ይጠቀሳል፤ ማጣቀሻ ዝርዝር ውስጥ አይገባም። ምክንያቱ አንባቢ ሄዶ ሊያገኘው አይችልም ነው። ሰባተኛው እትም ስለ ነባር ሕዝቦች ቃል ክፍል ጨምሮ ሙሉ ስማቸው ይጻፍ ማለቱ ያስመሰግነዋል። በድምፅ ካልተቀረጹ በቀር ግን ዝርዝሩ አሁንም ዝግ ነው። በአንጻሩ ማንም ስልኩ ላይ የለጠፈው ትዊት፣ የመጀመሪያ 20 ቃላቱ እንደ ርእስ ተቆጥረው፣ በክብር ይገባል። እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ ደግሞ ቻትጂፒቲ ገብቷል፤ ደራሲው «ኦፕንኤአይ» ይባል ተብሎ ተወስኗል። ያን መልስ አንባቢ ሄዶ ላያገኘው ይችላል። አያትየውን ግን ዱመርሶ ወርዶ ቢጠይቅ፣ ቡና አፍልተው ያስረዱታል።

እዚህም ቤት ጥፋት የለም አይባልም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 32 ማንኛውም ሰው የቤተሰብ ስም አለው ብሎ ደንግጎ ነበር። ሕዝቡ ሰምቶ እንዳልሰማ አለፈው። የመጽሔት ቅጾች «ላስት ኔም» ሲሉም ዝም ብሎ የሚሞላው የኛው ሰው ነው።

መፍትሔውን ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2014 ጀርመን ውስጥ በአምስት ቅጽ የታተመው ኢንሳይክሎፒዲያ ኢትዮፒካ ኢትዮጵያውያንን በራሳቸው ስም ነው የደረደራቸው፤ በዚህ ምክንያት ሰው ፈልጎ ያጣ አንባቢ አልተሰማም። ከዚህ ወረዳ የሄደ ስምም አሜሪካ ላይ ሲከራከር የመጀመሪያው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 ኢትዮጵያ «ይርጋጨፌ»ን በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ስታመለክት ከስታርባክስ ጋር ተፋጥጣ ነበር፤ በ2007 ተፈራረሙ። ቡናው ስሙን ከነፊደሉ አስከብሯል።

ስለዚህ ማኅበሩ በስምንተኛው እትም ኢትዮጵያዊው ጸሐፊ ከነሙሉ ስሙ፣ የራሱ ቀድሞ እንዲጻፍ፣ ዓመቱ «ዓ.ም.» ከሆነ ዓ.ም. መሆኑ እንዲጠቀስ፣ አያትየውም ቢያንስ ከቻትጂፒቲ ዝቅ ብለው ዝርዝሩ ውስጥ አንድ መስመር እንዲሰጣቸው አመልካች በትሕትና ይጠይቃል።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለአያት
ዱመርሶ
(በቃል ይነበብላቸው)