ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ

የሚያደክመኝ እርጅና እንዳይመስላችሁ፤ 6 መደመርና 6 መቀነስ ነው። ፀሐይ ትወጣለች፣ አንድ ብሎ መቁጠር ነው፤ ይኼ ለማን ይከብዳል? በእኛ አገር በጋም ሆነ ክረምት የቀኑ ርዝመት ልዩነት ከአንድ ሰዓት እምብዛም አያልፍም። ጠዋት 12 ሰዓት ግድም ይነጋል፣ ማታ 12 ሰዓት ግድም ይመሻል፤ አለቀ! የልጅ ልጄ ግን ስልኬን በፈረንጅ ሰዓት ሞልቶ ሰጠኝ። የማለዳ ቡናዬን ስጠጣ 7 ሰዓት ይለኛል። ምሳ ልብላ?

የድሮው የእጅ ሰዓት ደግ ነበር። በፈረንጅ ቢሞላ እንኳ ትንሹ ቆጣሪ የጠቆመውን ትቶ ትይዩውን ማንበብ ነው፤ 7 ላይ ከሆነ 1፣ 9 ላይ ከሆነ 3። ስልክ ትይዩ የለውም። ገልብጬም አየሁት፣ ጀርባው ብቻ ነው።

ልጄ ደግሞ ዋሽንግተን ናት። ልዩነታችን 7 ሰዓት ነው ብዬ በቃሌ ስይዝ፣ ጥቅምት መጨረሻ ላይ «አባዬ፣ ሰዓት ተቀየረ፤ 8 ሆነ» ትላለች። መጋቢት ሲገባ ተመልሶ 7! ፀሐይቱ መንገድ ሳተች ወይ ብላት ትስቃለች። ልዩነቱ 8 በሆነ ሰሞን ከሥራ ወጥታ ስትደውል «ምነው ድምፅዎ ደከመ?» ትለኛለች። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ድምፄ ምን ይሁን? ዱባይ ያለው የወንድሜ ልጅ ይሻላል፤ በ1 ሰዓት ይቀድመናል፣ ዓመቱን ሙሉ ቃሉን አይለውጥም። እዚሁ አገራችን ጅግጅጋ ከጋምቤላ ግማሽ ሰዓት ያህል ቀድሞ ይነጋላታል፤ ሁለቱም ግን በአንድ ዓይነት ሰዓት ያድራሉ፣ ማንም አልተጣላ።

የሚብሰው የአውሮፕላን ቲኬት ነው። «ረቡዕ 1:30» ይላል። ፈረንጅ ቀኑን የሚለውጠው በእኩለ ሌሊት፣ ሰው ሁሉ ተኝቶ ሳለ ነው፤ እኛ ዘንድ ደግሞ ሳይነጋ ረቡዕ የለም። ጎረቤቴ ረቡዕ ማታ ሽሮና በርበሬዋን ቋጥራ፣ ዘመድ አዝማድ አስከትላ ቦሌ ደረሰች። አውሮፕላኑ ትናንት ሌሊት ሄዷል! «ዛሬ ረቡዕ አይደለም እንዴ?» ብላ ጮኸች። ነው እንጂ! እኔ እስከ ዛሬ የምፈርደው ለእሷ ነው።

እናንተ ቲኬት የምትልኩ ልጆች፣ እባካችሁ ከቲኬቱ ጋር በአማርኛ «ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል» ብላችሁ ጻፉልን። ሻንጣውን ማሰር እኛ እናውቅበታለን።