መኪና ከመሬት ስለሚነሣበት ጥበብ

የመኪና ጥገናን የሚያስተምሩ መጻሕፍት አብዛኞቹ መኪናው አስቀድሞ ተነሥቶ፣ ሆዱ ተገልጦ፣ ጠጋኙም ከሥሩ ቀጥ ብሎ ቆሞ ስለሚጠብቃቸው ስለ ማንሣቱ ብዙም አይጨነቁም፤ በባሕር ዳር፣ በመራዊ ወይም በቆጋ መስኖ ዙሪያ ካሉት አነስተኛ ከተሞች በአንዱ መኪናውን በገዛ ግቢው ለመጠገን የቆረጠ ሰው ግን ከቡሎን ጋር ከመታገሉ በፊት ከመሬት ስበት ጋር መደራደር ይኖርበታል። ይህ ሰው ብዙውን ጊዜ የኮድ 2 ቪትዝ ወይም ያረጀ ኮሮላ ባለቤት፣ በሥራው መምህር ወይም የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ፣ በእምነቱ ደግሞ «ዘይት ለመቀየር መካኒክ ምን ያደርጋል» ባይ ሲሆን፣ የዚህ ጽሑፍ ዓላማም እምነቱን ማስለወጥ ሳይሆን በእምነቱ ጦስ መኪናው በላዩ እንዳይወድቅበት ማገዝ ነው።

የማንሣት ሁሉ መጀመሪያ ክሪክ ነው። ክሪክ በየመኪናው የዕቃ መጫኛ ከትርፍ ጎማው ጎን ተሸጉጦ የሚገኝ፣ በጥርስ ወይም በዘይት ግፊት አንዱን የመኪና ጥግ ከፍ የሚያደርግ መሣሪያ ሲሆን፣ የተሠራውም ጎማ ለመቀየር እንጂ ሰው ከሥሩ ጋደም ብሎ እንዲፈላሰፍ አይደለም። ከክሪክ የማይነጠለው ታኮ ነው፤ ታኮ ማለት መኪናው እንዳይንሸራተት ከጎማው ሥር የሚወተፍ ድንጋይ ወይም ጉማጅ ግንድ ሲሆን፣ ይህን ሙያ ከማንም በላይ የሚያውቀው የአይሱዙ ረዳት መኪናው በቅጡ ሳይቆም በሩን በርግዶ የሚወርደው፣ ድንጋይ የሚመርጠውና ከኋላ ጎማው ሥር የሚሸጉጠው ትንፋሽ ሳይወስድ ነው። (ያንኑ ድንጋይ ከመንገዱ መልሶ የማንሣት ሙያ ገና አልተፈለሰፈም፤ ከባሕር ዳር እስከ ዱርቤቴ የተጓዘ ሁሉ ምስክር ነው።) የግቢ ጠጋኞች ደግሞ ታኮውን ወደ ላይ አሳድገው በድንጋይ ላይ ብሎኬት እየደረደሩ መኪናውን ያስደግፉታል፤ ይህ ልማድ አደገኛ የሚሆነው እንጨት ከመሰበሩ በፊት የሚያቃስት ሲሆን ውስጡ ክፍት የሆነው ብሎኬት ግን አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ስለሚፈርስ ነው። በአራት ጠንካራ የብረት መደገፊያዎችና በአንድ ደህና ክሪክ አብዛኛው የቤት ጥገና ይሠራል፤ ይሁን እንጂ የሚበቃውን ያወቀ ሰው ሊፍት ማማረጥ ባልጀመረ ነበር።

ሊፍት የሚባለው መኪናውን በሙሉ አንሥቶ ከፍ እንዳለ የሚያቆይ መሣሪያ ነው። አብዛኛው የሚሠራው ፈረንሳዊው ብሌዝ ፓስካል በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባስረዳው ሕግ ሲሆን፣ ይኸውም በተዘጋ ፈሳሽ ላይ ያረፈ ግፊት በሁሉም አቅጣጫ እኩል ስለሚዳረስ፣ በጠባቡ ቱቦ በትንሽ ጉልበት የተገፋ ዘይት በሰፊው ቱቦ በኩል በቶን የሚመዘን ነገር ያነሣል የሚል ነው። ሕጉ ከታወቀ ከሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ፒተር ሉናቲ የተባለ የሜምፊስ፣ አሜሪካ፣ ሰው የፀጉር አስተካካይ ወንበር ከፍ ዝቅ ሲል አይቶ ይኸው ብልሃት ለመኪናም ይሆናል ብሎ እንዳሰበና እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ አጋማሽ የሃይድሮሊክ ሊፍቱን ለገበያ እንዳበቃ ይነገራል። ያው ወንበር በባሕር ዳር ፀጉር ቤቶችም ሞልቷል፤ ደንበኛው ከፍ ባለ ቁጥር የሚያሳስበው ግን ፂሙ እንጂ የፍሬን ሸራ ስላልሆነ ግኝቱ ለሜምፊስ ቀረ።

ከሊፍት በፊት ግን ጉድጓድ መታየት አለበት፤ ምክንያቱም ጉድጓድ መኪናውን ወደ ላይ በማንሣት ፈንታ ሰውዬውን ወደ ታች ስለሚያወርድ ከሁሉም ርካሹ ነው። ወርዱ በሁለቱ ጎማዎች መካከል እንዲያርፍ ከ80 ሳንቲ ሜትር እምብዛም አይበልጥም፣ ጥልቀቱ የባለቤቱን ቁመት ይከተላል፣ ርዝመቱ ደግሞ የመኪናውን። ነገሩ የሚወሰነው እንግዲህ በመሬቱ ነው። በመራዊና በቆጋ ዙሪያ ያለው ከፍታማ መሬት በአብዛኛው ጥልቀት ያለው፣ ውኃ የሚያሳልፍ ቀይ አፈር በመሆኑ፣ ወደ 7,000 ሄክታር የሚያጠጣውን የቆጋን ግድብ ቦይ ከአጥሩ ሥር ካላሳለፈ በቀር ጉድጓድ የቆፈረ ሰው ግድግዳውን በሲሚንቶ ገንብቶ ለብዙ ዓመታት ይገለገልበታል። ባሕር ዳር ላይ ግን ቁፋሮ ሁለት ዓይነት ዕጣ አለው። በአንዱ ሰፈር ሁለት ክንድ ሳይወረድ የጥንት እሳተ ገሞራ ያፈሰሰው ጥቁር ድንጋይ ይገጥምና ቆፋሪው ዶማውን ጥሎ የመዶሻ ዋጋ መከራከር ይጀምራል፤ በሌላው ሰፈር፣ በተለይ ወደ ሐይቁ በቀረበው፣ ዋልካው ክረምት ሲያብጥ በጋ ሲሰነጠቅ ግድግዳውን ይገፋዋል፣ ውኃውም ከታች ይመጣል። የጣና ገጽ ከባሕር ጠለል በላይ 1,786 ሜትር ገደማ፣ ከተማዋ ደግሞ 1,800 ሜትር ገደማ ከመሆናቸው በላይ፣ ሐይቁ ከፍተኛ መጠኑ ላይ የሚደርሰው ክረምቱ ካለፈ በኋላ በመስከረምና በጥቅምት ስለሆነ፣ በግንቦት ደረቅ ሆኖ የተመረቀው የጥገና ጉድጓድ ለመስቀል እንቁራሪት ይገባበታል። በዚህ ጊዜ ባለቤቱ «ለአትክልት ውኃ ብዬ ነው ያስቆፈርኩት» ማለት ይችላል፤ ጎረቤትም በጨዋነት ያምነዋል።

ደረቅ ጉድጓድም ቢሆን ከእንቁራሪት የከፋ ነገር አያጣውም። የቤንዚን ተን ከአየር ሦስት እጥፍ ያህል ስለሚከብድ ወደ ታች ወርዶ ይተኛል፣ ስለዚህ በጉድጓድ ውስጥ የተበላሸ መብራት ወይም የተለኮሰ ሲጋራ የመጨረሻው ብርሃን ሊሆን ይችላል፤ ሞተር ሳይጠፋ ሲቀርም የጭሱ መርዝ እዚያው ይጠራቀማል። ያልተከደነ ጉድጓድ ባለበት ግቢ ደግሞ ምሽት ላይ ሊጠይቅ የመጣ እንግዳ ከሰላምታው በፊት ይሰወራል።

እንግዲህ ሊፍቱ። ለቤት የሚታሰቡት ዓይነቶች በዋናነት ሦስት ናቸው፦ በሁለት የብረት ዓምዶች መካከል መኪናውን በአራት ክንዶች ታቅፎ ጎማዎቹን አየር ላይ የሚያንጠለጥለው ባለ ሁለት ምሰሶ፣ መኪናው በጎማው እየነዳ የሚወጣበት ሁለት ረጃጅም የብረት መደብ ያለው ባለ አራት ምሰሶ፣ እንዲሁም ከመኪናው ሥር ተጣጥፎ ተኝቶ እንደ ስሙ እየተከፈተ የሚነሣው ባለ መቀስ። የባለ ሁለት ምሰሶውን ያህል ለፍሬንም፣ ለካምቢዮም፣ ለማርሚታም የሚመች የለም፤ ነገር ግን መላ ሸክሙን በሁለት እግሮች ተሸክሞ ከወለሉ ጋር በቡሎን ስለሚታሰር፣ ገዢው ከሊፍቱ ይልቅ ወለሉን መመርመር ይገባዋል። አምራቾች በአብዛኛው ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጠንካራ ኮንክሪት ሲጠይቁ፣ በዋልካ ላይ ከሆነ ግን አፈሩን አውጥቶ በጠጠር ተክቶ፣ ብረት አስገብቶ 15 እና ከዚያም በላይ ማድረግ ብልህነት ነው። ኮንክሪቱ በታቀደለት ጥንካሬ የሚለካው ከ28 ቀን በኋላ ስለሆነ፣ በሦስተኛው ቀን «ደርቋል» ብሎ ቡሎን የሚመታ ሰው የሚያስረው ሊፍቱን ሳይሆን ምኞቱን ነው። የተሠራ ወለል ያለው ደግሞ የሠራውን ሰው መጠየቅ አይበቃውም፤ በመሰርሰሪያ አንድ ቀዳዳ በስቶ ውፍረቱን በሽቦ መለካት አለበት፤ በዚህ አገር የወለል ውፍረት በቃል ሲነገርና በሽቦ ሲለካ አንድ ሆኖ የተገኘበት አጋጣሚ እንደ ብርቅ የሚወራ ነው።

የጣሪያም ነገር አለ። ባለ ሁለት ምሰሶ ሊፍት ራሱ ከ2.8 እስከ 3.6 ሜትር ይቆማል፣ በቆርቆሮ የተሸፈነው የመኪና ማቆሚያ ግን ሲሠራ የታሰበው መኪናው መሬት ላይ እንዳለ ነው።

መብራቱ ደግሞ ሌላ ምዕራፍ ነው። የትልልቅ ጋራዦች ሊፍቶች ብዙውን ጊዜ በሦስት ፌዝ፣ ማለትም በሦስት የኤሌክትሪክ መስመሮች፣ ይሠራሉ፤ መኖሪያ ቤት የሚገባው ግን በአብዛኛው ባለ አንድ ፌዝ 220 ቮልት ስለሆነ ገዢው ሞተሩን ለይቶ ማዘዝ አለበት። የተለመደው የቤት ሊፍት ሞተር 2.2 ኪሎ ዋት ገደማ ይፈልጋል፤ የእንጀራ ምጣድ ከ3.5 ኪሎ ዋት በላይ ስለሚወስድ ባለመኪናው በዚህ ቁጥር ሊኩራራ አይችልም፣ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ሲሠሩ ቆጣሪው ላይ ያለው ማብሪያ ስለሚወድቅ ግን በጋገራ ቀን ማን እንደሚነሣና ማን እንደሚጠብቅ አስቀድሞ የታወቀ ነው። መብራት ከነጭራሹ ሲጠፋ ነገሩ ጠለቅ ይላል። የጣና ውኃ በ1956 ዓ.ም. በጢስ ዓባይ፣ በ2002 ዓ.ም. ደግሞ 460 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ በተሠራው በጣና በለስ ተርባይን እየዘወረ አገር ቢያበራም፣ መብራት አንዳንዴ የተወለደበትን ሰፈር ይረሳል። ሊፍቱ ሲወጣ በየደረጃው ቀጭ፣ ቀጭ እያለ የሚሰማው ድምፅ የማገቻው ጥርስ ነው፤ ዘይቱ ቢፈስ እንኳ መኪናው እንዳይወርድ የሚይዘው እሱ ነው። ከማገቻው ለማላቀቅ ግን መኪናውን በመጀመሪያ ጥቂት ወደ ላይ ማንሣት ያስፈልጋል፣ ለዚህም መብራት ያስፈልጋል፤ ስለዚህ እሑድ ማታ የተሰቀለ ቪትዝ ሰኞ ጠዋት እዚያው ሆኖ ባለቤቱን በባጃጅ ወደ ሥራ ይሸኛል።

የማንሻ አቅምን በተመለከተ በሊፍቱ መለያ ሳህን ላይ «4 ቶን» ተብሎ የተጻፈው ለአራቱም ክንዶች በአንድነት እንጂ ለአንዱ አይደለም። አንድ ቶን ገደማ የሚመዝነው ቪትዝም ሆነ ሁለት ቶን አካባቢ የሆነው ሃይሉክስ በዚህ ልክ ውስጥ ያድራሉ፤ ችግር የሚመጣው ከቆጋ ሽንኩርት የጫነው የአማች አይሱዙ «ለአንድ አፍታ» ሲባል በሩን ሲያንኳኳ ነው። ሃምሳ ኩንታል ብቻውን 5 ቶን መሆኑን አማች አያስተባብልም፤ የዝምድናን ክብደት ግን ሳህኑ ላይ አልጻፉትም። ትክክለኛውን መኪና ሲያነሡም ቢሆን ክንዶቹ አምራቹ ባመለከተው ቦታ ካረፉ በኋላ ጎማዎቹ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ከመሬት እንደለቀቁ አቁሞ፣ መከላከያውን ይዞ መኪናውን መወዝወዝ ያስፈልጋል። የሚወድቅ ከሆነ ከዚያው ቢወድቅ ይሻላል።

ስለ ባጃጅ ሳይነሣ ይህ ጥናት ሙሉ አይሆንም። ባዶውን 350 ኪሎ ግራም ገደማ የሚሆነው ባለ ሦስት እግር ባጃጅ ሲበላሽ ሾፌሩ ሁለት ጓደኞቹን ይጠራል፣ አሮጌ ጎማ ይነጠፋል፣ ሦስቱ በአንድ ወገን ይገቡና «ሆ!» ብለው በጎኑ ያስተኙታል፤ ከደንገል የተሠራ ታንኳ ከሐይቁ ወጥቶ እንዲደርቅ በዛፍ ላይ ሲደገፍ እንደሚታየው ሆዱን ለፀሐይ ሰጥቶ ይጋደማል። ኮንክሪት፣ ጣሪያ፣ ሦስት ፌዝ፣ 28 ቀን የሚባል ነገር የለም። ባትሪውን ቀድሞ መፍታትና የቤንዚኑን ክዳን ማጥበቅ ብቻ ይበቃል፤ ይህን የዘነጋ ግን በአሲድና በቤንዚን ሽታ ይታወሳል። የሜካኒክስ ሊቃውንት ይህን ዘዴ በመጽሐፋቸው አለማስገባታቸው በባሕር ዳር አለመኖራቸውን ያሳያል እንጂ የዘዴውን ጉድለት አያሳይም።

ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ በመከልከሉ ደግሞ ጥያቄው ራሱ ተንቀሳቅሷል። የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ብዙውን ጊዜ በወለሉ ሥር ተዘርግቶ ስለሚተኛ፣ ክንዱ ወይም ክሪኩ በስህተት እዚያ ላይ ካረፈ የመኪናውን ውድ ክፍል ይጎዳል፤ ክብደቱም ከእኩያው የነዳጅ መኪና ይበልጣል። በሌላ በኩል የሞተር ዘይት የሚባል ነገር ስለሌለው፣ ሊፍት ለመግዛት ከሚቀርቡት ምክንያቶች ዋነኛው በጸጥታ ፈርሷል። ይህንን ለሊፍት ፈላጊው መንገር ግን ጭካኔ ስለሆነ አብዛኛው ወዳጅ አይነግረውም።

የመጨረሻው መመዘኛ በማንም አምራች መግለጫ ውስጥ ባይገኝም ከሁሉም የበለጠ ነው፣ እሱም የአጥሩ ቁመት ነው። ባለ ሁለት ምሰሶው ሊፍት ቁመቱ 1.5 ሜትር የሆነ ቪትዝን 1.8 ሜትር ሲያነሣው የመኪናው ጣሪያ ከመሬት 3.3 ሜትር ላይ ስለሚታይ፣ ሁለት ሜትር ተኩል አጥር ያለው ሰው መጠገኑን ለሰፈሩ ሁሉ አወጀ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ «ጋሼ፣ ካነሡ አይቀር የኔንም ፍሬን እግረ መንገድዎን ቢያዩልኝ» የሚለው በበሩ ይመጣል፣ ዶልፊን ሚኒባስ ያለው ይከተላል፣ ባለ አራት ምሰሶ የገዛም ከሆነ በርበሬ ለማስጣት መደቡ ተስማሚ መሆኑን የቤቱ እመቤት በሁለተኛው ሳምንት ትደርስበታለች። መኪናውን አንድ ሜትር ብቻ የሚያነሣው ዝቅተኛው ባለ መቀስ ግን የቪትዙን ጣሪያ ከ2.5 ሜትር አያሳልፈውም፤ ሠሪው በበርጩማ ተቀምጦ ጎማውንና ፍሬኑን ይሠራል፣ ሥራው ሲያልቅ መሣሪያው ተጣጥፎ ይገፋል፣ ባለ አንድ ፌዝ መብራት ይበቃዋል፣ ደህና የኮንክሪት ወለል ካገኘም ቡሎን ሳይመታበት ሥራውን የሚጀምረው ዓይነት አለ። በባሕር ዳር የሚኖር ሰው ሊፍት መግዛቱ የግድ ከሆነበት ይህንን ይግዛ፤ በሩንም ዘግቶ ይሥራ፤ በሩ ሲንኳኳም መጀመሪያ መፍቻውን ይደብቅ።