ዝናብ ያጠበው የስም ዝርዝር

ጸሐፊ ለመቅጠር ኮሚቴ ተሰብስቦ «እስቲ ስለ ራስህ ንገረን» ሲል ስሰማ ሆዴ ይቃጠላል። ሥራው ወረቀት ላይ የሚታይ ሰው በአንደበቱ ይመዘናል። ተናጋሪ ሁሉ ጸሐፊ አይደለም፤ ከጥሩ ጸሐፊዎቻችንም ስንቱ ሰው ፊት ሲቀርብ ላብ ያጠምቀዋል።

ባለፈው ክረምት አንድ የቡና ድርጅት ጽሑፍ የሚያዘጋጅለት ሰው ፈለገ። ቃለ መጠይቁን በራሱ ሰዎች ጨርሶ የተግባር ፈተናውን ለእኔ ተወልኝ። ስለ ደረቅ ቡና የተንዛዛ አንድ ገጽ ጽፌ «በአንድ ሰዓት ውስጥ አርሙና አሳጥሩ» አልኩ። መሀሉ ላይ ሆን ብዬ ስሕተት ሸጎጥኩበት፦ እሸት ቡናው ማድረቂያ አልጋ ላይ በተሰጣ በሦስተኛው ቀን ደርቆ ጆንያ ይገባል የሚል። ለጅማ ሰው ይህ ጆሮ የሚቆርጥ ነገር ነው፤ ፀሐይ በበረታበት ወቅት እንኳ ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈጃል።

ወረቀቶቹ ጅማ፣ አወቱ መንደራ ሰፈር ያለው ቤቴ ድረስ ይመጡልሃል ተባልኩ። መጡም፤ ግን እንዴት! ወረቀቶቹን የያዘው ልጅ ከሂርማታ ሰፈር በባጃጅ እንደተነሣ ሰማዩ ተቀደደ። የአወቱ ወንዝ ሞልቶ መንገዱን አለበሰው፣ የባጃጁ ሞተር ውኃው መሀል ቀጥ አለ። ልጁ ሱሪውን ጠቅልሎ በእግሩ ሲደርስ ጥርሱ ይንቀጫቀጫል። «ጋሼ፣ አቅፌው ነበር እኮ!» አለኝ። የፈተናው ወረቀት በፌስታል ስለነበር ጠርዙ ብቻ ረጥቧል። የእጩዎቹን ስም ከመለያ ቁጥራቸው ጋር የያዘው ዝርዝር ግን ኪሱ ውስጥ ሟሙቷል። ባለቤቴ ቡና ልታፈላ ካቀጣጠለችው ከሰል አጠገብ ወረቀቶቹን ደረደርናቸው። እሱ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው፤ እኔ ግን እሰየው አልኩ።

ቡና ራሱ የሚቀመሰው እንዲህ ያለ ስም ነዋ! በ2000 ዓ.ም. ግብይት የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ናሙናውን በኮድ ለቀማሽ ያቀርባል፤ ቀማሹ የማን ቡና እንደሆነ አያውቅም። ከመቶው 40 ለጥሬው ፍሬ፣ 60 ለጽዋው ነው። እኛ ሰው ስንቀጥር ግን ብዙውን ነጥብ ለጥሬው ሰጥተን ጽዋውን ሳንቀምስ እንፈርማለን። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ የሚወስደው የመውጫ ፈተናም ምርጫ መምረጥ ነው፤ ዕውቀትን ይለካ ይሆናል፣ አንድ አንቀጽ የማቃናት ችሎታን አይለካም። ቅኔ ቤት ይህን ጥንት ጨርሶታል። ተማሪው ጉባኤ ቃናውን ቆጥሮ ይመጣል፣ የኔታ ያርሙታል፤ ወደ ቀጣዩ የቅኔ ዓይነት፣ ወደ ዘአምላኪየ፣ የሚያሻግረው ሌላ ምስክር ወረቀት የለም።

ወደ ወረቀቶቹ ልመለስ፤ አብዛኞቹ እጩዎች ቋንቋውን አሳምረዋል፤ አንዳንዱማ ሦስቱን ቀን ይበልጥ ባማረ ዓረፍተ ነገር አስቀምጦልኛል። አንዱ ወረቀት ላይ ግን ያ መስመር ተሰርዞ ኅዳጉ ላይ «ይህን ማን ነገራችሁ? አድራቂዎቹ ይጠየቁ» ተብሎ ተጽፏል። ጸሐፊው ያልተማመነበትን ነገር ላለማሳመር መድፈሩ ልቤን ነካው፤ ወረቀቱን አንደኛ አልኩት።

በማግሥቱ የስም ዝርዝሩ ቅጂ ቢሮ ተገኝቶ ስሞቹ ሲገለጡ፣ የዚያ ወረቀት ባለቤት ቃለ መጠይቁ ላይ ድምፅዋ አልሰማ ብሎ ከመጨረሻዎቹ ተርታ የተመደበች ልጅ ሆና ተገኘች። ኮሚቴው ተጨቃጨቀ። ወረቀቷን ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው፤ ተቀጠረች።

ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ደግ ነበር። ሁለተኛ የወጣውን ልጅ ሳይቀጥሩት፣ የፈተና ጽሑፉን ለበራሪ ወረቀታቸው ሊያትሙት እንደሆነ ሰማሁ። በዚህስ አልታገሥም። የተግባር ፈተና በነጻ ጽሑፍ መሰብሰቢያ ከሆነ ነገ ማን አምኖ ይቀመጣል? ወይ ክፈሉት ወይ ተዉት ብዬ በር ላይ ቆምኩ። እንከፍላለን አሉ። ሒሳብ ክፍሉ በምን ርዕስ እንደሚያወጣው ሲከራከር ክረምቱ ወጣ፤ ልጁ ገንዘቡን የተቀበለው መስከረም ከጠባ በኋላ ነው።