ድርቅ አለ፣ ረሃብ የለም፦ ስለ ሹም ሰዋስው መጠነኛ ጥናት

የዚህ ጥናት መነሻ ግምት፣ በአገራችን ረሃብ ከእህል ይልቅ በስም ይታከማል የሚል ነው። የመረጃ መሰብሰቢያው ዘዴ ቀላል ነው፤ የማታውን የ2 ሰዓት ዜና መስማት።

በቅድሚያ ሁለት ቃላትን መለየት ያሻል። ድርቅ ከሰማይ ይመጣል፤ ሰማይ ደግሞ ሚኒስትር የለውም፣ በግምገማ ላይ አይጠየቅም። ረሃብ ግን ምድር ላይ ነው፤ ምድር ላይ ያለ ነገር ሁሉ ወረዳ አለው፣ ዞን አለው፣ ኃላፊ አለው። ስለዚህ ወንበር ላይ ያለ ሹም «ድርቅ ገባ» ይላል፤ «ሕዝቡ ተራበ» የሚለው ከወንበሩ የወረደው ነው (እርሱም ቢሆን የሚያወራው ስለ ተተኪው ዘመን ነው)።

«ረሃብ» የሚለው ቃል የሚፈራው በከንቱ አይደለም። የወሎው የረሃብ እልቂት በመንግሥት ዘንድ ስም ሳይወጣለት ከርሞ፣ በ1966 እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በፊልም አጋለጠው። ደርግ ፊልሙን ከቤተ መንግሥት ድግስ ምስል ጋር አዳብሎ መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ በቴሌቪዥን አሳየ፤ በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ በቮልስዋገን ተወሰዱ። ትምህርቱ ቀድሞ የገባውም ለደርጉ ራሱ ነው። በመስከረም 1977 የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በሰልፍና በጭፈራ ሲያከብር፣ ኮረም ላይ ሰው እንደ ቅጠል እየረገፈ፣ በዓሉ ላይ ያ ቃል እንዲነሳ አልተፈለገም።

ከዚያ ወዲህ ሰዋስው ረቀቀ። በ2008 በኤልኒኖ ሳቢያ 10.2 ሚሊዮን ሰው «የምግብ ድጋፍ ፈላጊ» ሆነ። ቆም ብሎ ማድነቅ ይገባል፤ የተራበው ሰው እንደ ሥራ ፈላጊ፣ እንደ ቤት ፈላጊ፣ ፈላጊ ተባለ። ፈልጎ ነው እንግዲህ፤ ባይፈልግ ይቀርለት ነበር። «ክፍተት» የሚባለውም ድንቅ ቃል ነው፤ ሁልጊዜ «ታይቷል» ይባላል እንጂ ከፋቹ አይነገርም። ያየው ግን ይታወቃል፤ ሹሙ ነው። (ነዳጅ ሲወደድ «የዋጋ ማስተካከያ»፣ ሲረክስ «ቅናሽ» መባሉ ሌላ ጥናት የሚሻ ነው።)

የመስኩ ከፍተኛ ግኝት የተመዘገበው በ2016 ነው። በጥር ወር የእንባ ጠባቂ ተቋም በትግራይ 351፣ በአማራ ክልል 44 ሰዎች በረሃብ መሞታቸውን ገለጸ። በዚያው ሰሞን ከመንግሥት በኩል የተሰጠው ምላሽ፣ በረሃብ የሞተ የለም፣ ከምግብ እጥረት ጋር በተያያዘ በሽታ የሞተ ግን ሊኖር ይችላል የሚል ነበር። በዚህ አመዳደብ ሟቹ ከረሃብ ወጥቶ ወደ ጤና ዘርፍ ይዛወራል፤ የእርሻውም፣ የእርዳታውም፣ የመንገዱም ኃላፊ እፎይ ይላል። አሠራሩ በመቃብር ቆፋሪዎች ዘንድ ግን እስካሁን ተግባራዊ አልሆነም።