ጆሮ ናስትሮ ልበስ

የኋላ ካሜራ ድምፅ ማለት ሹፌር ማርሹን ወደ ኋላ ሲያስገባ ከስክሪኑ፣ ከስፒከሩ ወይም ከፓራውልቱ አካባቢ የሚወጣ፣ ባለመኪናውን የሚያስመርር ድምፅ ነው። በሁለት ይከፈላል። አንደኛው ማስጠንቀቂያ ነው፤ «ቲጥ… ቲጥ… ቲጥ» እያለ ከኋላ አንድ ነገር መኖሩን ይናገራል። ሁለተኛው በሽታ ነው፤ ቀፎው እንደተነካ ንብ «እዝዝዝ» ይላል፣ የሚያወራውም ስለ ራሱ ሽቦ ብቻ ነው። ሌላው ዓለም የመጀመሪያውን ይሰማል፣ ሁለተኛውን ይጠግናል። ላሊበላ ባለችበት በላስታ ግን ድካም የሚቀንስ ዘዴ ተለምዷል፤ የመጀመሪያውን ማፈን፣ ሁለተኛውን በዘፈን መሸፈን።

ወደ ኋላ የሚሄድ መኪና እንዲጮኽ የተደረገው ለጨዋታ አልነበረም። ሹፌር በመስታወት የማያየው ሰፊ ቦታ ከኋላው አለ፤ ልጅ ደግሞ የሚጫወተው ሹፌር በሚያየው ቦታ ብቻ አይደለም። ያማጉቺ ኤሌክትሪክ የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1963 የኋላ ማርሽ ደወል ሠርቶ ለገበያ አቀረበ። የካሜራው ሐሳብ ከዚያም ይቀድማል። የአሜሪካው ቡዊክ እ.ኤ.አ. በ1956 ለትርኢት ባቀረበው ሴንቹሪዮን በተባለ መኪና ላይ በኋላ መስታወት ፋንታ የቴሌቪዥን ካሜራ ገጥሞ ነበር። ለሽያጭ በቀረበ መኪና ላይ ካሜራው የታየው እ.ኤ.አ. በ1991 ሲሆን መኪናውም ቶዮታ ሶረር ነበር። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ አዲስ የቤት መኪና ያለ ኋላ ካሜራ እንዳይሸጥ አድርጋለች። ለዚህ መነሻ የሆነው ሕግ የሚጠራው አባቱ መኪናውን ወደ ኋላ ሲያስኬድ ሳያየው በገጨው የሁለት ዓመት ሕፃን ስም ነው።

ከካሜራው ጋር አብሮ የሚሸጠው የፓራውልት ሴንሰር የሚሠራው እንደ ሌሊት ወፍ ነው። በሰከንድ 40,000 ጊዜ ገደማ የሚርገበገብ፣ የሰው ጆሮ የማይሰማው ድምፅ ይለቅና ነጥሮ እስኪመለስ ይጠብቃል። የሰው ጆሮ ቢበዛ እስከ 20,000 ድረስ ስለሚሰማ፣ የሴንሰሩን ወሬ ወደ ሰው ቋንቋ የምትተረጉም አንዲት ትንሽ ጯሂ ጋቢና ውስጥ ትገጠማለች። ርቀቱ ሲጠብ ጩኸቷ ይፈጥናል፤ ጥቂት ስንዝር ሲቀር ሳይቆራረጥ አንድ ወጥ ይሆናል። ባለመኪናውን የሚያበሳጨውም ይኸው ነው። ጯሂዋ አደጋው በቀረበ መጠን ትጮኻለች፤ ይሉኝታ አልተገጠመላትም።

ላስታ ላይ ወደ ኋላ ማየት ቅንጦት አይደለም። የላሊበላ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ግርጌ ተረተር ላይ ተቀምጣለች። ከአውሮፕላን ማረፊያው የሚመጣው መንገድ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣል፤ ከጋሸና የሚመጣውም 64 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጠማዘዝ ይከርማል። ከተማው ውስጥ ዶልፊን በአንድ ጊዜ መሪ ሰብሮ የሚዞርበት ቦታ ጥቂት ስለሆነ ሹፌር ሁለት ሦስቴ ወደ ኋላ ማለቱ አይቀርም። ከኋላው የሚቆመው እንደ ቀኑ ይለያያል። ቅዳሜ የገበያ ቀን ነውና ጆንያ የተጫነ አህያና ማር የያዘች እናት ይሆናሉ። ለገና ደግሞ ብዙ ቀን በእግሩ ተጉዞ የመጣ፣ ነጠላውን ተከናንቦ በደከመው ቦታ ቁጭ ያለ ምእመን ይሆናል። በአዘቦት ቀን የጨርቅ ኳስ የሚከተል ልጅ ነው። ሌላው ሁሉ ዘወር ቢል እንኳ ገደሉ ከቦታው አይነቃነቅም።

እንዲህ ባለ አገር ካሜራ ማስገጠም ብልህነት ነው፤ ብዙዎችም ያስገጥማሉ። ጉዳዩ የሚጀምረው ከተገጠመ በኋላ ነው። ካሜራው ራሱ ድምፅ የለውም። ዓይን ነው እንጂ አፍ አልተሰጠውም። «እዝዝዝ» የሚለው በሽታ የሚመጣው ከአገጣጠሙ ሲሆን ምክንያቶቹም የታወቁ ናቸው። የካሜራው ነጌቲቭ ሽቦ ከኋላ፣ የቴፑ ነጌቲቭ ከፊት፣ በተለያየ ቦታ ከመኪናው ብረት ጋር ይታሰራሉ። በሁለቱ መካከል የሚኖረው ጥቂት የኤሌክትሪክ ልዩነት በቪዲዮው ገመድ በኩል ሾልኮ ስፒከሩ ውስጥ ይገባል። የማሰሪያው ብሎን ቀለም ወይም ዝገት ላይ ከተቀመጠ ይብሳል። የቪዲዮው ገመድ ከኃይል መስመሩ ጋር አንድ ላይ ተጠቅልሎ ከሄደም የዚያን ሐሜት ይለቅማል። ሹፌሩ ነዳጅ ሲሰጥ እዝዝታው አብሮ ከቀጠነ ምንጩ ዲናሞው ነው። በ24 ቮልት የሚሠራ የጭነት መኪና ላይ የ12 ቮልት ካሜራ ከተገጠመ ግን ድምፁ ብዙም አያስቸግርም፤ ካሜራው ቀድሞ ይቃጠላል።

ሴንሰሩም የራሱ ሕመም አለው። የክረምት ጭቃ ወይም የበጋ አቧራ ሲለጠፍበት የተለጠፈበትን ነገር እንደ ግድግዳ ቆጥሮ ሳያቋርጥ ይጮኻል። መድኃኒቱ እርጥብ ጨርቅ ነው። ይህ መድኃኒት ዋጋው እጅግ ዝቅተኛ በመሆኑ እምነት የሚጥልበት የለም።

በልማድ የጸደቁት መፍትሔዎች አራት ናቸው። የመጀመሪያው ዘፈን ነው። ስፒከሩ እዝ ሲል የቴፑ ድምፅ ከፍ ይደረጋል፤ እዝዝታው አልጠፋም፣ ነገር ግን እስክስታ በሚያስመታ ድቤ ሥር ተቀብሯል። አሠራሩ ቁስልን በጥሩ ነጠላ እንደ መሸፈን ስለሆነ ለዓይን ያምራል። አንድ ጉድለት ብቻ አለው፤ ብዙ ቴፕ የኋላ ማርሽ ሲገባ ዘፈኑን በራሱ ዝቅ እንዲያደርግ ተደርጎ የተሠራ ነው። ሠሪዎቹ ይህን ያደረጉት ሹፌሩ የውጪውን ድምፅ እንዲሰማ ብለው ነበር። ጎበዝ ባለሙያ ግን ይህን ግድፈት ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ በአንድ ደቂቃ ያርመዋል።

ሁለተኛው ናስትሮ ነው፤ የዘዴው ሁሉ አክሊልም ይኸው ነው። ባለመኪናው መጥቶ «ይቺን ነገር ገላግለኝ፤ ጭንቅላቴን በጠበጠችው» ይላል። ኤሌክትሪሺያኑ የምን ድምፅ እንደሆነ፣ መቼ እንደሚጀምር፣ ከነዳጅ ጋር ይቅጠን አይቅጠን አይጠይቅም። በዳሽቦርዱ ሥር አንገቱን ያስገባል። ጯሂዋን በጣቱ ዳስሶ ያገኛታል፤ ከአዝራር ብዙም አትበልጥም፣ መሐሏ ላይ አንዲት ቀዳዳ አለች። ከጥቁሩ ናስትሮ ላይ ስንዝር ያህል ስቦ በጥርሱ ይቆርጣል። አንዴ ይለጥፋል፣ በአውራ ጣቱ ይጫናል፣ ለመተማመኛ ደገም ያደርጋል። ከዚያ «አስገባት እስቲ» ይላል። የኋላ ማርሽ ይገባል፤ ዝም። ሂሳብ ይከፈላል፣ ምርቃት ይከተላል። ስፒከሩ ግን አሁንም «እዝዝዝ» እያለ ነው። የታፈነችው ሌላ ስለሆነች እውነቱን ትናገር የነበረችው ጤነኛዋ ዝም ስትል፣ የታመመው ንግግሩን ቀጥሏል።

አማርኛ ለዚህ ተግባር ጥንትም ስም ነበረው፤ ጆሮ ዳባ ልበስ። ዳባ ባሕታውያን የዓለምን ነገር ንቀው የሚለብሱት የቆዳ ልብስ ነው። የዛሬው ባሕታዊ ግን ዓለምን ሳይተው፣ ከነመኪናው፣ ጆሮውን ናስትሮ ያለብሳል። ልማዱ በላሊበላ መስፋፋቱ ደግሞ ለከተማዋ ታሪክ ልዩ ክብር ነው። በትውፊት እንደሚነገረው ላሊበላ የሚለው ስም ንቦች ንግሥናውን ዐወቁለት ማለት ነው፤ የንጉሥ ላሊበላ እናት አራስ ልጇን የከበበውን ንብ አይታ ያወጣችለት ነው ይባላል። እናቱ ናስትሮ ባለማግኘቷ እዝዝታውን እንደ ምልክት ተቀብላ ስም ሰጠችበት። የናስትሮ ዘመን ቢሆን ኖሮ ከተማዋ እስከ ዛሬ በቀድሞ ስሟ ሮሃ ተብላ በቀረች ነበር።

ሦስተኛው መቁረጥ ነው። ይህ በተለይ ከውጪ በሚጮኹ መኪኖች ላይ ይሠራል። አይሱዙና ሲኖትራክ ወደ ኋላ ሲሉ ጩኸቱ ለሹፌሩ ሳይሆን ለመንገደኛው የተሰጠ ነው። አንዳንዱ ቲጥ ይላል፤ ሌላው ደግሞ «መኪና ወደ ኋላ እየመጣ ነው፣ ተጠንቀቁ» የሚል መልእክት በቻይንኛ ያሰማል። ለአካባቢው ቻይንኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ጋሸናን አቋርጦ የሚያልፈውን የወልድያ ወረታ መንገድ በደርግ ዘመን የሠሩት ቻይናውያን ናቸው፤ ሕዝቡም እስከ ዛሬ የቻይና መንገድ ይለዋል። ቋንቋውን የሚያውቅ ባይኖርም ሰውም አህያም እኩል ይረዱት ነበር፤ ሁለቱም ዘወር ይላሉ። ሆኖም ጩኸቱ የሹፌሩን እንቅልፍ የሚነሳ፣ የሆቴል እንግዳ የሚረብሽ ሆኖ ስለተገኘ በፒንሳ ይቆረጣል። ጩኸቱን የማይወደው ሰው ጋቢና ውስጥ ነው፤ ጩኸቱ የሚያስፈልገው ሰው ከኋላ ነው። ፒንሳው የሚገኘው ጋቢና ውስጥ ነው።

ስለ ጩኸቱ ማሰልቸት የሚቀርበው አቤቱታ ጭራሽ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። በአንድ ቃና የሚደጋገመው ቲጥታ ሩቅ ድረስ ይሰማል፣ ከየት አቅጣጫ እንደመጣ ግን ለጆሮ ያስቸግራል። በሌላ አገር ይህ ተጠንቶ «ሽሽ… ሽሽ» የሚል፣ ምንጩ ወዲያው የሚለይ፣ ራቅ ሲሉ የሚጠፋ ማስጠንቀቂያ ተሠርቷል። ድምፁን መለወጥ ግን መግዛትን ይጠይቃል፤ መቁረጥ የሚጠይቀው ፒንሳ ብቻ ነው።

አራተኛው ረዳት ነው። ካሜራው፣ ስክሪኑና ሴንሰሩ የተገዙት ረዳቱ ከመኪና እየወረደ ከመጮኽ እንዲያርፍ ነበር። ጯሂዋ ናስትሮ ከለበሰች፣ የካሜራው ዓይን ከጋሸና እስከ ላሊበላ የተሰበሰበ አቧራ ከተከናነበ በኋላ ስክሪኑ ላይ የሚታየው አንድ ቡናማ ጉም ብቻ ነው። ስለዚህ ረዳቱ ይወርዳል። «ና! ና! ና! ግራ ስበር! አቅና! ና! ና!» ይላል። ከጋቢናው የሚወጣው ዘፈን ግን በመጀመሪያው መፍትሔ መሠረት ከፍ ተደርጓል። በዚህ ምክንያት ረዳቱ «በቃ!» ማለቱን የመኪናውን አካል በመዳፉ በመምታት ያጠናክራል። አንዴ ከመታ ቁም ነው፣ ደጋግሞ ከመታ አልፏል ማለት ነው። እንዲህ ሆኖ የተሟላ የኋላ ካሜራ አገልግሎት ተገኘ፤ ካሜራ የማያይበት፣ ሴንሰር የማይናገርበት፣ ሹፌር የማይሰማበት፣ አንድ ልጅ ደግሞ በመኪናና በገደል መካከል ቆሞ የሁሉንም ሥራ የሚሠራበት።

ለምሉእነት ሲባል የማይሠራበትን መፍትሔም መጥቀስ ይገባል። የካሜራውና የቴፑ ነጌቲቭ ሽቦዎች ወደ አንድ ቦታ ይመጣሉ። የሚታሰሩበት ብረት ቀለሙና ዝገቱ በብርጭቆ ወረቀት እስኪያብለጨልጭ ይፈተጋል፤ ብሎኑ ጠበቅ ይደረጋል። የቪዲዮው ገመድ ከኃይል ሽቦው ተለይቶ በሌላው ጎን ይዘረጋል። ይህ ካልበቃ ለካሜራው ኃይል በሪሌና በፊልተር በኩል እንዲደርሰው ይደረጋል። የሴንሰሩ ጩኸት በዝቶ ከሆነ በብዙ መኪና ላይ የድምፁ መጠን ከሴቲንግ ይቀነሳል። አዳዲሶቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች ሴቲንጋቸው ቻይንኛ ሆኖ ካስቸገረ ስልክ በካሜራው ጽሑፉን አንስቶ ይተረጉማል። የካሜራው መስታወትና ሴንሰሮቹ በየጠዋቱ ይጠረጋሉ። ይህ ሁሉ ሲሆን እዝዝታው ይጠፋል፣ ቲጥታው ይቀራል። ዘዴው ተቀባይነት ያጣውም በዚሁ ነው፤ ማስጠንቀቂያውን ሳይነካ ይተወዋል።

ናስትሮ የማይለጠፍበት አንድ ድምፅ አለ። የፓራውልትና የድንጋይ ካብ ሲገናኙ የሚሰማው ነው፤ ካብ ሆኖ ከተገኘ ባለመኪናው ዕድለኛ ነው። አጭር ስለሆነ ዘፈን አይሸፍነውም፤ ሽቦ ስለሌለው ፒንሳ አይቆርጠውም። ከዚያ በኋላ መኪናው ላሜራ ቀጥቃጭ ዘንድ ይሄዳል። የአንዲት አዝራር ቲጥታ ጭንቅላቱን የበጠበጠው ባለመኪናም ለጥገናው ቀብድ ከፍሎ፣ ድንጋይ ስቦ አጠገቡ ይቀመጥና ቀኑን ሙሉ መዶሻ ያዳምጣል።